ሳይቀመስ የሚሠራ ሞዳክ

ያሙናን ከንጋት ጀምሮ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏታል። ምድጃው ዘንድ ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱን ከፍታ ዝናቡን ታያለች፣ ተመልሳ ማማሰያውን ትይዛለች። የጋንፓቲ በዓል ነው። ባለ ዝሆን ራሱ አምላክ ሳሎን ውስጥ በአበባ ተከቦ በእንፋሎት የሚበስሉትን ሃያ አንድ ጣፋጭ ሞዳኮቹን ይጠብቃል።

ጣጣው ግን ሌላ ነው፤ ያሙና ማሽተት አትችልም። ከሃያ ቀን በፊት ትኩሳት ጥሏት ነበር፤ እሱ ሲለቃት አፍንጫዋን ይዞ ሄደ፣ ምላሷም አብሮ ደነዘዘ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እንዴት ትበል? ለአምላክ የሚቀርበውን ነገር ሳይቀርብ በፊት ምላስ አይነካውም፤ ባለሙያ ሴት መድረሱን የምትለየው በማሽተት ነው። ማሽተት የማትችል ሴት ታዲያ ምድጃ ዘንድ ምን ትሠራለች?

መልሱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አማቷ ዓይናቸው ሲደክም፣ አንድ ቀን ሩዙ ውስጥ ጠጠር ተገኘና ማማሰያውን ከእጃቸው የወሰደችው ራሷ ያሙና ነበረች። "አረፍ ይበሉ እስቲ" ብላ! ምስኪኗ አሮጊት ስድስት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ጠጠር ከሌለው ሩዝ ጠጠር ሲፈልጉ ኖረው ሞቱ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አሁን ደግሞ ምራቷ ኬታኪ አለች፤ ዓይኗን ምንም አያመልጠውም!

ኮኮናቱና የሸንኮራው ስኳር እሳት ላይ ተንፈቀፈቀ። ያሙና ጨነቃትና ባሏን ጠራችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ! ሽታው ምን ይላል? ደርሷል?"

ዳታራም በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። "አርባ ዓመት ከዚህ ወጥ ቤት ስታባርሪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ባለሙያ ሆንኩልሽ?"

"ሂድ ወዲያ! አንተ ዘንድ ቁም ነገር አይገኝም።"

ሄል ጨመረችበት። አማሰለች። ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም? ልቧ አላርፍ አለ፤ ደግማ ጨመረች።

ጣቶቿ ግን አልከዷትም። የሩዙን ሊጥ ስስ አድርጋ፣ ኮኮናቱን ሞልታ፣ ጫፉን እጥፍጥፍ እያደረገች እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ገጠመችው። አሥራ አንዱን በእርድ ቅጠል ላይ ደርድራ፣ ድስቱ ላይ ለእንፋሎት ጣደችና ከደነችው። ቀሪዎቹን መሥራት ቀጠለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

ኬታኪ አበባ ልትቀጥፍ ከወጣችበት ግቢ እየሮጠች ገባች።

"ውይ በሞትኩት! እማማ፣ ድስቱ! እያረረ እኮ ነው!"

ከእሳቱ ላይ አወረደችው። ውሃው አልቆ የድስቱ ቂጥ ጠቁሯል፤ ከላይ ያሉት ሞዳኮች ለጥቂት ተርፈዋል። ኬታኪ ድስቱን አየች፤ ቀጥላም አጠገቡ የተቀመጠችውን አማቷን አየች።

"ሽታው ግቢ ድረስ መጥቷል። እማማ... አይሸትዎትም?"

ያሙና ሊጡን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። "ከትኩሳቱ ወዲህ አይሸተኝም" አለች፤ እንባዋ መጣ። "በይ፣ ማማሰያውን ውሰጂው።"

"ወስጄ ምን ላደርገው? እኔ የምሠራው ሞዳክ እኮ አፉን ከፍቶ ነው የሚበስለው!" ኬታኪ ድስቱ ውስጥ ውሃ ጨመረችና አጠገቧ ቁጭ አለች። "እርስዎ ይሥሩ፤ እኔ አሸታለሁ።"

"ምንድን ነው ያረረው?" አለ ዳታራም ከሳሎን።

"እኔ ነኝ አባባ! ውሃ መጨመር ረስቼ ነው!"

ሞዳኩ ለአምላክ ቀረበ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ ከዚያም ተበላ። ዳታራም ሦስት አከታትሎ ዋጠ። "እንደ ሁልጊዜው ነው! እጅሽ ይባረክ!" አለና ሁለተኛ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ።

ያሙናን ግን ምንም አልጣማትም። ወደ ኬታኪ ዞረች። "እውነቱን ንገሪኝ።"

ኬታኪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። "ሄሉ በዝቷል እማማ። ጉሮሮ ያቃጥላል።"

ዳታራም ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲያነሣ ያሙና ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች ዓይኗ በረንዳው ላይ አረፈና ሳቋ ቆመ።

"እኔ እኮ" አለች፣ "ለአማቴ 'እማማ፣ ጠጠር አለበት፣ እኔ ልልቀመው' ብላቸው ይበቃቸው ነበር። አላልኳቸውም።"