ፊደል የሌለው አዎ

፩

ነርስ ዋይስዋ፦ አፍሽን ክፈቺ።
እኔ፦ ደህና ነኝ እኮ!
ነርስ ዋይስዋ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ክፈቺ።

አስም የያዘው ሰው በአፉ የሚስበውን ሰማያዊ መድኃኒት ሰክቶብኝ ሁለት ጊዜ ተጫነው። አስም የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም።


፪

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስሜ ምንትዋብ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ኡጋንዳ፣ ከጂንጃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ለሦስት ወር በበጎ ፈቃደኝነት ላገለግል ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን የሕፃናቱ ክፍል መምህርት ናይጋጋ፣ "ምሳ በልተሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ እናቴ፣ እንደ አክስቶቼ፣ እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ መለስኩላት፦

(            )

ናይጋጋ ጮኸች። ነርስ ዋይስዋ ሰማያዊውን መድኃኒት ይዞ እየሮጠ መጣ። የቀረውን ያውቁታል።


፫ (ለአንባቢ፦ የአጠቃቀም መመሪያ)

ከላይ ያለው ባዶ ቅንፍ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ስናደርግ የምትወጣው ድምፅ ናት። ወይም የምትገባው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አለን፤ ለእሷ ግን አንድ እንኳ አልተረፈም። ስለዚህ ባዶ ቅንፍ ባዩ ቁጥር አፍዎን ትንሽ ከፈት አድርገው አየር ሳብ ያድርጉ። አጭር ይሁን። ታክሲ ውስጥ ከሆኑም ግድ የለም፤ አጠገብዎ ያለው ሰው ከራስዎ ጋር የተስማሙ ይመስለዋል።

ይሞክሩት።

(            )

ጎበዝ።


፬

እነሱም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም። እዚያ ሰው "አዎ" ሲል ቅንድቡን ብድግ ያደርጋል፣ አለቀ። ነርስ ዋይስዋን "ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው?" ብዬ ብጠይቀው ቅንድቡን ብድግ አደረገ። በጥያቄዬ የተገረመ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፤ ሦስት ጊዜ ቅንድቡን አነሳ። እኔ ደግሞ ጉዳዩ የሚያስቸኩል ሆኖብኝ ነበር።


፭

ካጎያ።


፮

ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አትናገርም። በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች። እጇና አንገቷ ሳታዛቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቅንድቧ ደግሞ ብታዘውም አይሰማ። "አይሆንም" ማለት ግን ታውቅበታለች፦ ያልፈለገችውን ነገር በክንዷ ከጠረጴዛው ላይ ጠርጋ ትጥለዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ኩባያዬን ሰብራብኛለች።

"አዎ" የላትም። "አዎ" ስለሌላት ከአራት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጣ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ ጠዋት ጠዋት የዳክዬ መዝሙር ያዘምሩባታል። ወደ ትልልቆቹ ክፍል ለመዛወር በወሩ መጨረሻ ለምትመጣው ፈታኝ አምስት ጥያቄ በአዎና በአይደለም መመለስ አለባት። ካልቻለች፣ አራተኛ ዓመት ከዳክዬዋ ጋር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የምሰብረው ኩባያ ብቻ አይሆንም ነበር።


፯

በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከር ወንበሯን እየገፋሁ፣ "ጥላው ሥር ላድርግሽ?" አልኳት። መልስ ጠብቄ አልነበረም።

(            )

ዞር ብዬ አየሁ። ሌላ አበሻ የመጣ መስሎኝ ነበር።


፰ (ግልባጭ)

ናይጋጋ፦ ታነቀች! ዋይስዋ!
እኔ፦ አልታነቀችም! አዎ ማለቷ ነው!
ዋይስዋ፦ ሁለታችሁም አፋችሁን ክፈቱ።

ካጎያ ሰማያዊውን መድኃኒት በክንዷ ጠርጋ ጣለችው። ያንን ማንም ለመተርጎም አልተቸገረም።


፱

የፈተናው ቀን። ፈታኟ ወይዘሮ ናሙኮሴ ጉዳዩን ካስረዳኋቸው በኋላ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ልጄ፣ መተንፈስ መልስ አይደለም። ሁሉም ሰው ይተነፍሳል።"

እውነታቸውን ነው። ምስክር ማምጣት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደብረ ብርሃን ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው።

— እማዬ፣ ደህና ነሽ?
— (            )
— ምሳ በላሽ?
— (            )
— እትዬ አሰገደችም ደህና ናቸው?
— (            ) ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ? ድሮም አትሂጂ ብዬሽ ነበር!

ወይዘሮ ናሙኮሴ ስልኩን ትኩር ብለው ተመለከቱት።

"እናትሽን ሐኪም አይቷቸዋል?"

"እኔም የምለው ይህንኑ ነው" አለ ነርስ ዋይስዋ።

ግን እስክሪብቷቸውን አነሱ።


፲ (ቅጽ)

ጥያቄ አንድ። ስምሽ ካጎያ ነው?

(            )

ጥያቄ ሁለት (ማንኪያ እያሳዩ)። ይህ ኩባያ ነው?

ማንኪያው ወለሉ ላይ ተገኘ።

ጥያቄ ሦስት። ዛሬ ጠዋት ዘንቧል?

(            )

ጥያቄ አራት። እኔ ወንድ ነኝ?

የወይዘሮ ናሙኮሴ መነጽር ወለሉ ላይ ተገኘ።

ጥያቄ አምስት። ወደ ትልልቆቹ ክፍል መሄድ ትፈልጊያለሽ?

(            ) (            ) (            )

አልፋለች። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ዋይስዋ ሲያጨበጭብ ሰማያዊው መድኃኒት ከእጁ ወደቀ።


፲፩

ናይጋጋ አላጨበጨበችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በካጎያ ፊት ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ ስለ ሰውነቷ፣ እዚህ ካስገባት በኋላ ሊጠይቃት ስላልመጣው አባቷ፣ "ተዪው፣ እሷ ምን ይገባታል" እየተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ብያለሁ።

ናይጋጋ ከወንበሩ ፊት ተንበረከከች። ከዚያም ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀቻት።

"ካጎያ፣ እስከ ዛሬ የምንለው ሁሉ ይገባሽ ነበር?"



(            )