ቴሬሬ በባዶ ውሃ

«ዙኒልዳ! ክሊኒኬን ገደላችሁት!»

አጎቴ ኤላዲዮ ሲናደዱ ስልክ አይደውሉም፤ በአጥሩ ላይ ይጮኻሉ። ግቢያችን ጎን ለጎን ነው፤ እኔ ማንጎው ጥላ ሥር ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሠራ ድምፃቸው ቀጥ ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

«ምን ሆኑ አጎቴ?»

«ምን እሆናለሁ! ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። አንድ በሽተኛ የለም። አንድ እንኳ!»

ክሊኒኩ እዚህ ፓራጓይ፣ ኤንካርናሲዮን ከተማ ውስጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። ያለው «ላፓቾ» በምንላት የጠፈር ጣቢያ ላይ ነው፤ ላፓቾ ደግሞ ያለችው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ የሚጫወታት ጨዋታ ናት። አንዱ መካኒክ፣ አንዱ ምግብ አብሳይ፣ አንዱ ጥበቃ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ በድብቅ ከሃዲ ነው፤ ቧንቧ ይቆርጣል፣ እሳት ይለኩሳል፣ ሰው ያቆስላል። ሌላው ጣቢያዋን ለማትረፍ ይሯሯጣል። አጎቴ ሁልጊዜ ሐኪም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነርስ ነበሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቤት ከዋሉ ወዲህ ግን ከግቢው በር ወጥተው አያውቁም። «ድነዋል፣ በከዘራ ይራመዱ» ቢባሉም «የት ልሄድ?» ይላሉ። ላፓቾ ላይ ግን ሲሮጡ ማየት ነው!

እኔ የጨዋታውን ኮድ ከሚጠብቁት አንዷ ነኝ። ማንም ተጫዋች ማሻሻያ ጽፎ ሊልክ ይችላል፤ ከእኛ ሁለት ሰው ካላጸደቀው ግን አይገባም። ደመወዝ የለውም፣ ስድቡ ግን በሽበሽ ነው። ሐኪሙን ብናጠነክር ከሃዲው ያለቅሳል፤ ከሃዲውን ብናጠነክር ጥበቃው አገር ይያዝልኝ ይላል። ሚዛን መጠበቅ ማለት ሁሉንም እኩል ማስከፋት መሆኑን ከተረዳሁ ቆይቻለሁ።

ክሊኒኩን የገደለው ቴሬሬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚጠጣው የአገራችን ሻይ ነበር። ያስገባው ደግሞ የእኚሁ አጎቴ ልጅ ዴርሊስ ነው፤ ዋና ከተማው አሱንሲዮን ነው የሚሠራው፣ እንደኔው ኮድ ጠባቂ ነው። ቴሬሬ የሌለበት ጣቢያ የፓራጓይ ጣቢያ አይደለም ብሎ አንድ ዋንጫ ከነብረት መምጠጫው አስቀመጠ። ተጫዋቾቹ ዬርባ በሚባለው ደቃቅ ሻይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ በየተራ ይጠጣሉ፤ የጠጣ ሰው ቁስሉ ትንሽ ይሽርለታል። ሳየው ሳቄ መጣ። ሒሳቡን ሠራሁ፤ አንድ ዋንጫ የሚፈውሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አጸደቅሁት።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ጠጪዎቹ ፓራጓዊ መሆናቸውን ነው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን አንድ ዋንጫ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። የእኛ ሰው ክብ ሠርቶ ከተቀመጠ ማን ያነሣዋል? ዋንጫው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል። የተቃጠለው መካኒክ እየጨሰ መጥቶ ይቀመጣል፤ ወሬው ሳያልቅ ቁስሉ ያልቃል። አንድ ቀን ከሃዲውና እሱ የወጋው ጥበቃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋንጫ ሲቀባበሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

«እስከ ቅዳሜ ካላስተካከላችሁት» አሉ አጎቴ፣ «ኮምፒውተሩን ለቤተ ክርስቲያኑ እሰጠዋለሁ። እውነቴን ነው! ማን ሊመጣልኝ ነው የምገባው?»

ደነገጥኩ። አባትና ልጅ በስልክ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለው ይዘጋሉ። ላፓቾ ላይ ግን ሲሰዳደቡና ሲሳሳቁ ነው የሚውሉት። አጎቴ ከዚያ ከወጡ የሚቀራቸው ግድግዳው ብቻ ነው።

«ዴርሊስን ላናግረው?»

«እንዳትሞክሪው! አባቴ አለቀሰብኝ እንዲል ነው?»

መጀመሪያ ሌላ ኮድ ጠባቂ አስጸድቄ የቴሬሬውን ፈውስ ወደ ምንም አወረድኩት። በማግስቱ ላፓቾ አድማ መታች። የማሽን ክፍሉ ሰው አልባ ሆነ፣ መብራት ጠፋ፤ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ክብ ሠርቶ «እጅሽን ከዋንጫችን ላይ አንሺ!» እያለ ይዘፍንብኛል። የሚሠራ ስለሌለ የሚቆስልም የለም። አጎቴ ባዶ ክሊኒካቸውን በባትሪ እያበሩ ጠበቁ። እያጉረመረምኩ ወደነበረበት መለስኩት።

ቀጥሎ ብዙ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት እንዲሮጥ አደረግሁ። ጣቢያዋ ላይ ያለው ሽንት ቤት አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ወረፋው የካፒቴኑ ቢሮ ደረሰ። ከሃዲው ደግሞ ሌላውን ተንኮል ሁሉ ትቶ ሽንት ቤቱን አፈነዳው። አጎቴ ከአጥሩ ማዶ በሳቅ ሲንፈቀፈቁ ሰማኋቸው። ሳቃቸው ሲበርድ ግን «አሁንም በሽተኛ የለኝም» አሉ።

ዴርሊስ ደወለ። «አንቺ ምን ሆነሻል? ከቴሬሬዬ ጋር ምን አጣላሽ? ማን ነው ጆሮሽን የነከሰሽ?»

«ማንም። ሚዛን ነው የኔ ጌታ።»

«ሚዛንሽ ገደል ይግባ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አርብ ቀትር ላይ ተስፋ ቆርጬ አጎቴ ግቢ ገባሁ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። አጎቴ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለቴሬሬ ውሃቸው መድኃኒት ቅጠል ይወቅጣሉ።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ራሴን እያመመኝ ነው።»

«ከፀሐይ ነው?»

«ከልጅዎ ነው።»

«ለእሱ የሚሆን ቅጠል የለኝም» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ሙቀጫው ውስጥ የነበረውን ደፍተው ሌላ ቅጠል ዘነጠፉ፤ ወቀጡና ውሃው ውስጥ ጨመሩት። «ይኼ የራስ ነው። የደፋሁት የሆድ ነበር። ራሱን ታሞ የሆድ ቅጠል የሚጠጣ ጅል ነው።»

ዋንጫውን ተቀብዬ መምጠጫውን ገና አፌ ላይ ሳደርግ ነገሩ በራልኝ። በዚህ ሙቀት ቴሬሬ በባዶ ውሃ ማን ይጠጣል? ገበያ ያሉት ቅጠል ሻጮች እንኳ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሳይሉ አይሸጡም። ዴርሊስ ጣቢያዋ ላይ ያስቀመጠው ግን ባዶ ውሃ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ኮዱን ስነካካ አላየሁትም!

«አጎቴ፣ ልሳምዎት!»

«መጀመሪያ ዋንጫውን መልሺ። ተራ ይጠበቃል።»

ከሰዓቱን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ባዶ ቴሬሬ ለወሬ ብቻ ይሁን፤ አይፈውስም። የሚፈውሰው ቅጠሉ ነው፤ ለቃጠሎ ሌላ፣ ለቁስል ሌላ፣ ለመርዝ ሌላ። የቱ ለማን እንደሚሆን መርምሮ የሚያየው ሐኪሙ ብቻ ነው። በግምት የጠጣ ወደዚያች ሽንት ቤት ይሮጣል። ክቡን ግን አልነካሁትም፤ ነፍሴን እወዳለሁ። የቀረው የዴርሊስ ማጽደቅ ነበር፤ ከእንግዲህ ያለ እሱ ቴሬሬውን መንካት አልፈለግሁም።

«ቅጠል…» አለ በስልክ። «እሺ፣ ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ንገሪኝ፣ ይኼ ሁሉ ለማን ተብሎ ነው?»

«አጽድቀውና ነገ ክሊኒክ ሂድ።»

ቅዳሜ ጣቢያዋ በተከፈተች በጥቂት ጊዜ ውስጥ የክሊኒኩ በር በሰው ተጨናነቀ። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ገብቼ ኮሪደሩን እየወለወልኩ እሰልላለሁ። የአጎቴ ድምፅ በኮምፒውተሩም በአጥሩም ይመጣል፦ «ተራ! ተራ! አንተ ጣትህ ነው የተላጠው፣ ዞር በል! ካፒቴን ብትሆን ለእኔ ምኔ ነህ? ቁም!»

አንድ መካኒክ ከእግር እስከ ራሱ ከሰል መስሎ ገባ።

«ዶክተር፣ ማሽን ፈንድቶብኝ ነው።»

አጎቴ ድምፁን እንደሰሙ ለዩት። «ና ወዲህ፣ ባለ ባዶ ውሃ!»

«አባዬ፣ ክሊኒክህ ባዶውን መዋሉን አሁን ገና ነው ከወረፋው የሰማሁት። ለምን አልነገርከኝም?»

«እሱን ተወው። ቴሬሬ ያለ ቅጠል የት አየህ? እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?»

«እዚህ ማን ይወቅጥልኛል አባዬ?» አለ ዴርሊስ። «ከሥራ እመጣለሁ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ። ባዶ ውሃው ስለለመደብኝ ቅጠሉን ረሳሁት።»

መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ። እንባዬ መጣ፤ ምን ላድርግ።

«ወረፋው ይታገሥ» አሉ አጎቴ። የቃጠሎውን ቅጠል መርጠው ውሃው ውስጥ ጨመሩና ዋንጫውን አቀበሉት፤ ከዚያ ከሐኪም ወንበራቸው ተነሥተው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ካፒቴኑ ተከተለ። ጥበቃውም ተቀመጠ። እኔ የወለወልኩት ወለል ላይ ክብ ተሠራ።

ወዲያው ደግሞ በአጥሩ በኩል ጩኸት መጣ።

«ዙኒልዳ!»

«አቤት አጎቴ!»

«የአሱንሲዮኑ አውቶቡስ ዕቃ የሚቀበለው መቼ ነው?»

«ጠዋት ነው። ቅጠሉን ይስጡኝ፣ እኔ አደርስልዎታለሁ።»

«አንቺ ምን ታውቂና! የሆዱን ከራሱ ደባልቀሽ ልትልኪበት? ራሴ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ይልቅ ነይና ከዘራዬን ፈልጊልኝ።»

ከዘራው ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋቸው።