ራውተሩ ቦሊቪያ የገባ ሰሞን

ቨርና ከሥራ ክፍሏ ስትወጣ እግሯን እየጎተተች ነበር። ሥራዋ ሐኪም የሚናገረውን መስማት ለተሳናቸው ሕመምተኞች በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ነው፤ ከቤቷ፣ በቪዲዮ። ያን ቀን አንዲት አሮጊት የምርመራ ውጤታቸውን ሊያውቁ ሆስፒታል ተቀምጠው፣ ሐኪሙ አፉን ሲከፍት፣ እሷም እጇን ስታነሳ፣ ነገሩ ሁሉ ቀጥ አለ። እሷ አሮጊቷን አጥርታ ታያለች። እጃቸውን እያወዛወዙ ይጠሯታል። ምስሏ ደርቆ የቆመው በእነሱ ስክሪን ላይ ነው። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ። እንደገና ስትገባ ሐኪሙ ወደ ቀዶ ጥገና ሄዷል፤ ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ተላልፏል።

ጥፋተኛውን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ባሏ አርኒ ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዋይፋይ ከሚያሰራጨው የቤቱ ራውተር ላይ እጁን አላነሳም። አምራቹ የጫነበትን ፕሮግራም አጥፍቶ፣ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው በነፃ የሚያድሉትን ሌላ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉትን፣ ጫነበት። ይኸስ ባልከፋ፤ ፕሮግራሙን የሚያመሰግነው ብዙ ነው። ክፋቱ አርኒ ነክቶ መተው አያውቅም። በቅርቡ ደግሞ መሰሎቹ የሚሰበሰቡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንዱ መከረው፦ ራውተሩን ያለኸው ቦሊቪያ ነው በለው፣ እዚህ አገር የተከለከለው የሞገድ ጉልበት ይለቀቅልሃል። አርኒም እንደተመከረው አደረገ።

"አርኒ፣ ዛሬም ቆመ።"

"አይቆምማ!" ስልኩን ዘረጋላት። "ፍጥነቱን ተመልከቺ፣ ስድስት መቶ ሜጋቢት! በድሮው ፕሮግራም አራት መቶም አይሞላም ነበር።"

"የት ሆነህ ነው የለካኸው?"

"እዚሁ ነዋ።" ራውተሩ ከራስጌው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

"አንተ ሰው፣ እኔ የምሠራው ምድር ቤት ነው!"

"ምድር ቤትም ምልክቱ ሙሉ ነው። ቦሊቪያን እንደ ቀልድ አትያት።"

"እንግዲያው ሂድና እዚያው ኑር። እኔን ሚኒሶታ ተወኝ።"

ድሮ ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። አሁን ለሳቅ የሚሆን አቅም የላትም፤ ነገም እንደ ዛሬ ከሆነ እኚያ ሴት ውጤታቸውን ከማን ያገኛሉ? እጁን ይዛ ወደ ምድር ቤት አወረደችውና ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። እሷ በበረዶው ውስጥ እስከ መኪናው ሄዳ፣ ከቤቱ ዋይፋይ ወጥታ፣ በስልኳ መስመር ላፕቶፗ ላይ በቪዲዮ ደወለችለት።

አርኒ ብቅ አለና ስለ ሞገድ ያስረዳት ጀመር። ወዲያው አፉ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኑ ግማሽ እንደተከደነ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ በረዶ በስተው ከሐይቅ የጎተቱት ዓሣ መሰለ። ምስሉን ስልኳ ላይ አስቀረችው። ከዚያ መነሳት አቅቷት ጥቂት ተቀመጠች። ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ ማንም ሳይጠራት መቀመጥ ራሱ ዕረፍት ነበር።

"አየሽ? ጥርት ብለሽ ነው የታየሽኝ" አላት ስትመለስ።

"አንተስ?" ምስሉን አፍንጫው ሥር ደቀነችው።

"ይኼ እኔ ነኝ?"

"እኔ ነኝ። ሕመምተኛ ፊት የምቀርበው እንዲህ ሆኜ ነው።"

አርኒ ጉረኛ ይሁን እንጂ ሞኝ አይደለም፤ ነገሩ ገባው። ጉልበት የተጨመረለት ራውተሩ እንጂ የቨርና ላፕቶፕ አይደለም። ራውተሩ ከላይ ሆኖ ሲጮህ ላፕቶፑ ይሰማዋል፤ የላፕቶፑ ትንሽ ድምፅ ግን ኮንክሪቱን አልፎ ወደ ላይ አይደርስም። ጓደኛቸው ሲጮህ ቅርብ ያለ እየመሰላቸው፣ ከሩቅ ሆነው በሹክሹክታ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ ላፕቶፑም እንደነሱ ነው።

"የሚገባውን ብቻ ነበር የምለካው" አለ ቀስ ብሎ። "የሚወጣውን አይቼው አላውቅም።"

"የእኔ እንጀራ ያለው በሚወጣው ነው።"

ራውተሩን ከቦሊቪያ አገሩ መለሰው። ጉልበቱን ቀነሰ፤ ላፕቶፑንም ዝግ ወዳለው፣ ግን ግድግዳ ወደሚያልፈው ሞገድ አዞረው። ምድር ቤት ሆኖ ሲለካ አርባ ብቻ አሳየ። የቅጣት ወረቀት እንደሚያነብ ሰው አነበበው። እንደገና ከመኪናው ደወለችለት፤ የሚያወዛውዘው እጁ አንዴም አልቆመም። ይቅርታ ከአፉ አልወጣም፤ ከምሳ የተረፈውን የሥጋና የድንች ጥብስ አሙቆ አቀረበላት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ "ካንሰር አይደለም" አለ። የቨርና እጆች ቃሉን ሳይቆራረጡ አደረሱት። አሮጊቷ እጆቿን አዩ፣ ከዚያ ፊቷን አዩ፣ ከዚያ በራሳቸው እጆች መናገር ጀመሩ። አስተርጓሚ ሕግ አለባት፤ የተባለውን ሁሉ፣ ለራሷ የተባለ ቢሆንም፣ "እኔ" ብላ በተናጋሪው ቦታ ሆና ድምፅ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ለሐኪሙ ጮክ ብላ ተናገረች፦

"ይህን የምለው ለአስተርጓሚዋ ነው። ትናንት እጅሽን አንስተሽ ደርቀሽ ስትቀሪ፣ መስመሩ መስሎ አልታየኝም። ክፉ ወሬ ሆኖባት እጇ እምቢ አላት አልኩ። ቤቴ ገብቼ የምቀበርበትን ቀሚስ ተኮስኩ።"

ቨርና ቃሉን እስከ መጨረሻው ተናግራ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ስትወጣ አርኒ ደረጃው ላይ ይጠብቃት ነበር። "ቆመ እንዴ?"

"አልቆመም።"

"ታዲያ ምን ሆነሻል? ምን አሉሽ?"

የሕመምተኛ ነገር ለባልም አይነገርም። "ደክሞኛል" አለችው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋደመች። አርኒ የቀሚሱን ነገር እስከ ዛሬ አያውቅም።