ሦስት ቁጥር፣ ይሰማል?

እና መኪናው የት እንዳለ ሳተላይቱ ያውቃል ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ይወቅ፣ አንተም ታውቃለህ ጌታዬ፣ ያውም ያለ ሲም ካርድ፣ ግን እጄ ምነው ጉልበቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ቆይቶ ይጠይቀናል፣ ሬዲዮው ይቅር በስክሪኑ እንሂድ የምትሉ እጅ አውጡ ይለናል፣ ሾፌሩ ሁሉ ደግሞ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ከሁሉም ቀድሜ የገባሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ የሸበትኩ፣ ሦስት ቁጥር ምን ይላል እያሉ። ሦስት ቁጥር የመኪናዬ ቁጥር ነው። ስሜ ከተረሳ ቆየ።

ኦክስጅን ነው የምናመላልሰው፣ ሲሊንደር፣ ከዚህ መጋዘን ወደ ክሊኒኮች፣ ሙሉውን አውርደን ባዶውን ጭነን፣ አሁንም የተቀመጥነው ባዶዎቹ መሃል ነው፣ ቀዝቃዛ ብረት፣ ጀርባዬን ደግፎኛል፣ ሥራ አስኪያጁ አንዱን ሲሊንደር አንገቱን ይዞ ያሳየናል፣ እዚች ጋ ትንሽ ቺፕ አለች ይላል፣ መኪና ላይ ሲወጣ ትቆጥረዋለች፣ ክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ራሱ መልእክት ይልካል፣ ያለ ሽቦ፣ በኔትወርኩ፣ ነርሷ እስክትደውል አንጠብቅም፣ እናንተም ዘንድ እዚች ስክሪን ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሲሊንደሩ ሚስት ሆነ በሉኛ ይላል ጥሩምባ ከኋላ፣ አለቀብኝ ላክልኝ የሚል፣ ሰዉ ይስቃል፣ ጥሩምባ የምንለው ጉሮሮው ክላክስ ስለሆነ ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ ሲያወራ ሰፈር ይሰማዋል።

እሷ አልሳቀችም።

በሩ ጋ ቆማለች፣ ቁልፏን ይዛ፣ ባለቤቴ፣ የሬዲዮ ክፍሉ ማለት እሷ ናት፣ ጠዋት አብረን እንመጣለን፣ እኔ ወደ መኪናዬ እሷ ወደ ማይኳ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ናት፣ ሦስት ቁጥር፣ ይሰማል? ይሰማል። የት ደረሱ? አንቱ እያለች፣ ሁሉ ሾፌር ስለሚሰማ፣ ሥራ ሥራ ነው ትላለች፣ አንድ ቀን እቤት ከጓዳ ወጥ ይዛ ስትመጣ የት ደረሱ ብያት ሳህኑን ልትጥለው ነበር በሳቅ። ሁለታችንም ወሬ አናውቅም፣ ዝምተኞች ነን፣ እራት በልተን እሷ ትሰፋለች እኔ እጸልያለሁ፣ ግን በሬዲዮው ስንት ዓመት ተባብለናል፣ ይሰማል፣ ይሰማል፣ እኔ ይሰማል ስላት ጆሮዬን ብቻ ማለቴ አልነበረም፣ ይኼ ቃል ሁለት ቤት አለው፣ አንዱ ጆሮ አንዱ ደረት፣ እሷ በየትኛው እንደምትቀበለኝ ጠይቄያት አላውቅም።

ቀልዱ አልደረሳትም። ለዚህ ነው ያልሳቀችው።

ጥሩምባ እንኳ አልደረሳትም፣ ጌታዬ፣ ጥሩምባ።

አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። በመጀመሪያ ድገሙልኝ ማለት አበዛች፣ ከዚያ ማሰሮ ሲገነፍል ጀርባዋን ሰጥታ መቆም፣ ከዚያ ሳወራት አፍ አፌን ማየት፣ አስተዋልኩ፣ አፌን ነው የምታነበው፣ ጢሜ ደግሞ ከንፈሬን ሸፍኖታል፣ አንድ ጠዋት ተነስቼ ላጨሁት፣ ምነው ሰውዬ በስተርጅና ልትዳር አማረህ እንዴ አለችኝ፣ ሞቀኝ አልኳት፣ ብርድ ነበር። እንዲህ ሆነን ነው ያለነው፣ እሷ ትደብቀኛለች፣ እኔ ማወቄን እደብቃታለሁ። ጸሎቴንም ድሮ በሆዴ የምለውን አሁን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ወደ እሷ ዞሬ፣ ስሟ ጋ ስደርስ እንድታየው።

ግን ባለፈው ጥሩምባ ሠላሳ ሲል ስልሳ ሰማች፣ ሠላሳ ሲሊንደር ይበቃል ቀሪውን ለሌላው ክሊኒክ ስጡ ነው ያለው፣ ስልሳ፣ ደርሶኛል አለች፣ እኔ መንገድ ዳር አቁሜ መሃል ገባሁ፣ ሠላሳ ነው ያለው ሠላሳ፣ ኔትወርኩ ነው አልኩ፣ ኔትወርኩን አማሁት፣ ይቅር በለኝ፣ ኔትወርኩ ምንም አልነበረውም። ያን ቀን ባልሰማስ፣ ድልድይ ሥር ብሆንስ፣ የሌላው ክሊኒክ አልጋ ላይ ትንፋሹን የሚጠብቅ የሰው ልጅ አለ። እሷም ታውቃለች፣ ያን ማታ ሳትሰፋ መርፌውን ይዛ ተቀምጣ አየኋት። ልናገር ብትል ማይኩን ይነጥቋታል፣ ዝም ብትል ደግሞ... ይኼ ነው ስንት ሳምንት ፊትህ ተንበርክኬ የለመንኩህ፣ ጆሮዋን መልስላት ስልህ አንተ ይኼን ሰውዬ ከነስክሪኑ ላክህ፣ የተጻፈ ነገር አይሰማም፣ ይታያል፣ ሠላሳ ብለው ከጻፉት ሠላሳ ነው፣ ዓይኗ ደግሞ የንስር ነው፣ መርፌ የምታሾልከው ያለ መነጽር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው እጁን ያወጣል።

እኔ ማንበብ አልችልም።

አልችልም አይባልም፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ግን እንደቆጠርኩት ቀረሁ፣ አንድ ቃል ላይ ተራራ እንደሚወጣ ሰው ነኝ፣ ላይ ስደርስ ታችኛውን እረሳዋለሁ። የጸሎት መጽሐፌን ገልጬ ስይዝ ሰው የማነብ ይመስለዋል፣ በቃሌ ነው፣ ገጽ የምገልጠው ለወጉ ነው፣ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፣ አንዳንዴ ገጹን ሳላልፍ ስቀር መጥታ ትገልጥልኛለች፣ ምንም ሳትል። አድራሻውን በሬዲዮ ትነግረኛለች፣ እይዘዋለሁ፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ በጆሮ የገባ አይወጣም፣ እንግዲህ ጆሮዬ ነው እንጀራዬ፣ እሷ ድምፅ እኔ ጆሮ ሆነን ነው የኖርነው።

የሬዲዮ ክፍላችን ኃላፊ ግን ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ወደ በሩ እያየ፣ ሬዲዮው ይቆይ ባይ ናት፣ ሾፌሮቹ ይቸገራሉ ትላለች።

ሾፌሮቹ።

ጥሩምባ ሦስት ስልክ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፣ ሌሎቹም መኪና ሲያቆሙ ጣታቸው ስልክ ላይ ነው፣ የትኛው ሾፌር ነው የሚቸገር፣ ሾፌሮቹ ማለት እኔ ነኝ፣ አንድ ሰው ነኝ ሾፌሮቹ። ማይኩ እየጠፋባት፣ ድምፁ ሁሉ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ እየሆነባት፣ ለኔ ብላ፣ ሬዲዮው ይቆይ፣ አንቺ ሴት፣ አንቺ ሴት።

ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ? ጥሩምባ ነው፣ አንተ ካልክ እኛም እንላለን፣ ሰዉ ዞሯል፣ እሷም ዞራለች፣ አፌን እያየች ነው፣ አይሆንም እንድል ትፈልጋለች፣ ቅንድቧ ይናገራል፣ አውቀዋለሁ ያንን ቅንድብ።

እጄ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፣ ወጣ።

ተነስቼ ወደ በሩ ዞርኩ፣ አፌን ከፈት አድርጌ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ በስክሪኑ እንሂድ አልኩ፣ የተጻፈ አይሳሳትም፣ ሾፌሮቹ እንማራለን፣ ስለ ሾፌሮቹ አያስቡ። አንቱ አልኳት በሰው ፊት። ሳቁ መጋዘኑን ሞላው፣ ጋሼ ሚስትህን ከእንጀራዋ ልታፈናቅላት ነው እንዴ ይላል ጥሩምባ፣ የለም የለም ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ መልእክቱን የምትጽፈው እሷው ናት፣ እጆች እየወጡ ነው፣ አንድ ሁለት፣ ሁሉም፣ እሷ ግን የምታየው አፌን አይደለም አሁን። የተላጨውን ነው። ከንፈሬ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነው የምታየው፣ ቆይታ፣ እጇን አንስታ የራሷን ጆሮ ነካች፣ ፀጉር የምትመልስ አስመስላ፣ ከዚያ ወጣች።

ገባት። ምን አደረግሁ፣ ሸሽጋ የያዘችውን በሰው ፊት የገለጥኩባት መሰላት ይሆን፣ ማንም አላወቀም እኮ፣ እሷና እኔ ብቻ ነን፣ ግን እሱም ይከብዳል፣ ከሁሉም ሰው እኔ ማወቄ ይከብድ ይሆናል።

አሁን ማይኩ የለም። ስክሪን የምትገጥመው ባለሙያ ጠዋት መጥታ ሬዲዮውን ፈትታ ወሰደችው፣ የተሰቀለባት መንጠቆ ቀርታለች፣ እጄ ሳያስበው ይሄዳል፣ ባዶ መንጠቆ ይይዛል ይመለሳል፣ ስክሪኑን መሪው አጠገብ አሰረችልኝ፣ አባባ፣ እዚህ ሲነኩት ይከፈታል፣ እዚህ ሲጫኑ ይጻፋል፣ ፊደሉን ጫን ሲሉት ወንድሞቹ ይደረደራሉ፣ ቆሞ ብቻ ነው ታዲያ፣ እየነዱ አይነኩም፣ እሺ ልጄ አልኳት። መንገዱን ቀስት እያሳየኝ መጣሁ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ ቁጥር አይከብደኝም፣ ክሊኒኩ ደርሼ አወረድኩ፣ ነርሷ በጣቷ ስክሪኑ ላይ ፈረመች፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ዝም ብሎ ደህና። መኪናው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዝምታ አላውቅም። እሷ ስንት ጊዜ እዚህ ዝምታ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ትቆጣ ይሆን።

ጌታዬ፣ አንተ ዘንድ የኔትወርክ ማማ የለም፣ ባትሪ የለም፣ ድገሙልኝ ብለኸኝም አታውቅ፣ ግን አንተም ዝም ትላለህ አንዳንዴ...

ጭር አለ ስክሪኑ። ድምፅ ሰጠ ማለቴ ነው፣ እንደ ፌንጣ። መልእክት። ከእሷ ነው፣ የሬዲዮ ክፍሉ ምልክት አለበት፣ አጭር ናት፣ ተመስገን አጭር ናት፣ መነጽሬ፣ የት ገባ፣ አናቴ ላይ ነው፣ አ። አ ናት ይቺ። ለ። አለ። ከዚያ ህ። ሁ አይደለችም፣ ሁ ጎኗ ላይ እጀታ አላት፣ ይቺ ህ ናት። አለ፣ ህ።

አለህ?

አንተ አለችኝ። አሉ ወይ አይደለም፣ ሦስት ቁጥር አይደለም፣ በሥራ ሰዓት፣ አንተ፣ ሾፌሩ ሁሉ የማይሰማው መስመር ነው ይኼ፣ ለኔ ብቻ ነው የመጣው፣ ከፊደሉ ሁሉ መርጣ እኔ የምወጣትን ትንሽ ኮረብታ ላከችልኝ፣ አልተቆጣችም፣ አልተቆጣችም። መልስ፣ መልስ መጻፍ አለብኝ፣ አለሁ ነው የምላት፣ ቀላል ነው፣ ጣቴ ወፍራም ነው፣ አ፣ እሺ፣ ለ፣ እሺ፣ ሀን ጫን፣ ወንድሞቿ ተደረደሩ፣ ሰባት፣ ያቺ፣ ሄደ።

ሄደ እንዴ። ምን ላክሁ። አ ለ ህ። እጀታ የላትም! አለህ ብዬ ላክሁላት፣ ሴት ወይዘሮዋን አለህ፣ አለሽ እንኳ አይደለም፣ ማንን ነው አለህ ያልኩት፣ እንዴት ይመለሳል ይኼ ነገር፣ አሁን ቢሮው ውስጥ ብቻዋን እየሳቀች ነው፣ ትሳቅ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ ግን ማንን ነው ያልኩት። አለህ።

አንተን ይሆን እንዴ ጌታዬ።

ጭር። ፌንጣዋ። መልሳ ጻፈች፣ ሦስት ፊደል፣ መነጽሬን ላስተካክል ስል አያስፈልገኝም፣ መቁጠርም አያስፈልገኝም፣ ይቺን ቃል አውቃታለሁ፣ በየጸሎቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት፣ ስደርስባት መጽሐፉን የምዘጋው፣ በዓይኔ የማውቃት አንዲት ቃል ይቺ ናት፣ ታውቃለች፣ ገጹን የምትገልጥልኝ እሷ አይደለች፣

አሜን።