ፎጣ ላምጣ

እና ይቺ ቀልደኛ ደንበኛዬ ዛሬም ጀመረች፣ ፀጉሯ ግማሹ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ስለ ባሏና ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ መጨረሻው እንደሚያስቀኝ ከአሁኑ ታውቆኛል፣ እግሬ ወደ ጓዳ ሊዞር ነው፣ ፎጣ ላምጣ፣ መንትዮቹን ከወለድኩ ወዲህ ሰው ሲስቅ እኔ ፎጣ ሳመጣ ነው የኖርኩት፣ ኮስታራዋ አሉኝ ባልደረቦቼ፣ ይበሉኝ፣ ስስቅ እንደሚያመልጠኝ በየትኛው አፌ ልንገራቸው።

ሽንት። በቃ፣ ስሙ ይሄ ነው፣ በሆዴ ነው ያልኩት፣ ማን ሰማኝ።

እማዬ እንኳ ወልደሽ ነዋ ልጄ፣ የሴት ነገር ነው፣ ቻል አድርጊው አለችኝ፣ ቻልኩት፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ፣ ልጆቼ እማ እንዝለል ሲሉኝ ወገቤን አሞኛል፣ ይቺን ሰበብ ከማን ተማርኳት፣ ከእማዬው፣ ለካ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትችል ኖራ ነው፣ አንጀቴን በላችው።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ የነገርኳት ነርስ የላከችኝ ፊዚዮቴራፒስት ግን፣ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ አልደነገጠችም፣ መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ሊያመልጥሽ ሲል እንዴት እንደምትይዢው እስቲ አሳዪኝ አለች፣ አሳየኋት፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አንቺ እኮ እያማጥሽ ነው፣ ወደ ታች እየገፋሽው አለችኝ፣ አዋላጇ ግፊ ስላለችኝ ገፍቼ ያልጨረስኩ ይመስል፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ በሩን የምዘጋ መስሎኝ ስከፍት! ጡንቻው ዳሌሽ ስር ነው የኔ እህት፣ እንደ ክንድሽ ይጠነክራል፣ እየተነፈስሽ ወደ ላይ ሳቢው፣ ከዚያ ልቀቂው፣ መልቀቁንም እንዳትረሺ፣ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ዕንቁላሉ መንገድ ላይ ይሰበራል ብዬ ነበር የፈራሁት፣ ታክሲ ውስጥ ስስብ፣ የሰው ፀጉር እያጠብኩ ስስብ፣ ወራት፣ ማንም ሳይነቃብኝ።

ዶሮዋ አልጋው ላይ ወጣች እያለች ነው ደንበኛዬ፣ ባልየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሌባ ሌባ ሲል፣ ኧረ በፈጠረሽ፣ ሳቁ መጣ፣ ፎጣ ላ… የለም፣ አልሄድም፣ ሳቢው፣ ተንፍሺ፣ ሳቅኩ፣ ከሆዴ ሳቅኩ፣ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ፣ ኮስታራዋ ሳቀች ጉድ ጉድ ይላሉ፣ ዕንባዬ ይወርዳል፣ እሱ ይውረድ፣ ሌላው አልወረደም፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ እማዬ፣ ነገ መጥቼ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ እወስድሻለሁ፣ ወገቤን አሞኛል ብትዪም አልሰማሽም።