በመርከቡ ሰዓት
አርዲስ የመርከቡ መወጣጫ ሥር ቆማ ተንጨርጭራለች፤ ንዴቷ የሮአታን ደሴትን ባሕር ሊያፈላው ምንም አልቀረው። የሚኒሶታን በረዶ ስትዝቅ ከርማ ያገኘቻት የመርከብ ሽርሽር በባሏ በሌሮይ ምክንያት ወደብ ላይ ልትቀርባት ነው። መርከቡ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ሌሮይ ግን ከወዲያ ጫፍ አይስክሬም እየላሰ ይንጎራደዳል።

«ሩጥ፣ አንተ ድንዝዝ!»

«ምን ያጣድፍሻል የኔ ማር? ስልኬ ገና ዘጠኝ ነው የሚለው!»

«እሱ የደሴቲቱ ሰዓት ነው! የመርከቡ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በመርከቡ ሰዓት ሂድ ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ?»

«እመቤቴ፣ መወጣጫውን ልናነሳው ነው፤ ይገባሉ ወይስ ይቀራሉ?» አላት መወጣጫው ላይ የቆመው መርከበኛ።

አርዲስ ዞር ብላ አየች። ሌሮይ አሁንም አይሮጥም፤ አይስክሬሙ እንዳይንጠባጠብ ይጠነቀቃል።

ዘላ ገባች።

«በሚቀጥለው ወደብ፣ ቤሊዝ ላይ እንገናኝ!» ብላ ጮኸችበት።

ሌሮይ ሮጠ፤ ያውም መወጣጫው ከተነሳ በኋላ።