ሐይቅ የተሻገረው ሐኪም

አፖንዲ በራዲዮ የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ አታለቃቅስም። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ ጣቢያ ማይኩን ወደ አፏ ትስብና፣ “እግር ያላችሁም የሌላችሁም፣ እንዴት አደራችሁ” ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ወሬው ይከተላል። ዊልቸር የሚጠግን ሰው የት እንደተገኘ፣ የትኛው ትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር እንደቀጠረ፣ መንግሥት ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ አስታማሚዎቻቸው ምን አዲስ ደንብ እንዳወጣ። ደንቡን እንደወረደ አታነበውም፤ ፈጭታ፣ አቡክታ፣ አብስላ ነው የምታቀርበው። በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለት እግሯን ስለወሰደባት የምትንቀሳቀሰው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው። የገበያው ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት “ሕጉ መጣ” እየተባባሉ መንገድ ይለቁላታል።

አንድ ቅዳሜ ያቀረበችው ደንብ አጭር ነበር። የአካል ጉዳተኝነት መታወቂያ ለማውጣት ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው ሆስፒታል መድረስ ካልቻለ፣ መርማሪዎቹ እሱ ወዳለበት ይሄዳሉ ይላል።

“ልብ በሉ፣” አለች አፖንዲ፣ “‘ከተመቻቸው’ አይልም። ‘ይሄዳሉ’ ነው የሚለው።”

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የደወለው ኦፒዮ የሚባል የኒያማዶ ደሴት ዓሣ አጥማጅ ነበር።

“እቴ አፖንዲ፣ ይኼ ነገር የእውነት ነው ወይስ የራዲዮ?”

“የእውነት ነው ወንድሜ። ምነው?”

“መንታ እኅት አለችኝ፣ አዶንጎ። ምጥ ላይ ታፍና በመወለዷ እጅ እግሯ አይታዘዝላትም። አምና ሆስፒታል ይዣት መጥቼ ነበር። ከጀልባ ሲያወርዷት ተሸካሚዎቹ እንደ ኦሜና ዓሣ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣሏት፤ እስከ ወገቧ ረጠበች። ስንደርስ ደግሞ መርማሪው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ሁለተኛ አልሄድም ብላለች። እሷ አልሄድም ካለች ጉማሬም አያነቃንቃት።”

ከዚያን ቀን ወዲህ አፖንዲና ኦፒዮ ይደዋወሉ ጀመር። ስለ አዶንጎ ሁሉን ጠየቀችው። ምን ትበላለች፣ እንዴት ትቀመጣለች፣ ሐኪም እሷ ቤት ድረስ ቢመጣ እሺ ትላለች ወይ። ኦፒዮም ሳይሰለች መለሰላት።

የመርማሪዎቹ ኃላፊ ዶክተር ሙቲሶ ይባላል። ዝናብ ከማያውቀው ከምሥራቁ አገር የመጣ፣ ዋና የማይችል፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። አፖንዲ ቢሮው በር ላይ ወንበሯን አቁማ ጉዳዩን ነገረችው።

“ደንቡን አውቀዋለሁ፣” አላት። “ደንቡ ግን ጀልባ አልሰጠኝም።”

“ጀልባ ከተገኘ ይመጣሉ?”

“ከተገኘማ ለምን እቀራለሁ?”

“ይህንኑ ቅዳሜ በራዲዮ ይሉልኛል?”

ዶክተሩ ፈገግ አለ። የተዘረጋለትን መረብ አይቶታል፤ አይቶም ገባበት።

ቅዳሜ ቃሉን ተናግሮ ሳይጨርስ ማማ ሪስፐር ደወለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጀልባዎቹን የምታስተዳድረው፣ የወደቡ ወንዶች ሁሉ የሚፈሯት ሴት ናት።

“አንዷ ጀልባዬ ማክሰኞ ባዶ ናት፤ ነዳጁም ከእኔ፣” አለች። “ሐኪሙ ግን ሽቶ እንዳይቀባ ንገሪው። ዓሣው ይሸሽብኛል።”

ማክሰኞ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተገናኙ። ጀልባ ዳር ድረስ ስለማይደርስ መንገደኛ የሚሳፈረው በተሸካሚዎች ጀርባ ነው። ተሸካሚዎቹ ለአፖንዲ እጃቸውን ሲዘረጉ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው።

“መጀመሪያ ጠይቁኝ፣” አለች።

የተሸካሚዎቹ አለቃ ኦሞሎ ኮፍያውን አወለቀ። “እናንሳሽ ወይ?”

“አንሱኝ። ከነወንበሬ፤ ሁለታችሁ ከፊት፣ ሁለታችሁ ከኋላ። እግሬን ማንም እንዳይዝብኝ፤ የትም አይሮጥም።”

እየሳቁ አነሷትና ደረቅ እንደሆነች ጀልባው ላይ አኖሯት። የቀረው ዶክተሩ ነው። ውኃውን ያያል፣ ጫማውን ያያል።

“ዶክተር፣ ጀርባ ይሻልዎታል ትከሻ?” አለው ኦሞሎ።

“በእግሬ ብገባስ?”

“ቢልሃርዚያ አለ። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።”

ዶክተር ሙቲሶ ኦሞሎ ጀርባ ላይ ወጣ። ውኃው የኦሞሎ ጉልበት ላይ ሲደርስ አንገቱን አንቆ ያዘው።

“ኧረ ዶክተር፣ ትከሻዬን ይያዙ። እኔን ካነቁኝ የሚሰምጡት እርስዎ ነዎት።”

ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ካስተካከለ በኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ አፖንዲ ዘንበል አለ። “ሰው ሲሸከምሽ፣” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ፊትሽን ወዴት እንደምታደርጊው ይጠፋል።”

“ይጠፋል፣” አለች አፖንዲ።

በደሴቱ ትልቁ የሾላ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌዎች፣ አንገት ያላጸኑ ልጆች ያዘሉ እናቶች፣ ምርኩዝ ላይ የቆመ ጎልማሳ። ኦፒዮ ከአሮጌ ጀልባ እንጨት በሠራላት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አዶንጎ ተቀምጣለች። ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል፤ ዓይኗ ሁሉን ይከታተላል።

ተራዋ ሲደርስ ዶክተሩ ወደ ኦፒዮ ዞረ።

“ትሰማለች?”

“አሳምራ ትሰማለች።”

“ራሷ ትበላለች?”

“እኔ አጎርሳታለሁ።”

የአዶንጎ አፍ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አንገቷ ዞረ፣ ትከሻዋ ተነሣ፣ ጣቶቿ ተጣመሙ። ዶክተሩ ትንሽ ጠበቀና ወደ ኦፒዮ ተመለሰ። አፖንዲ የድምፅ መቅረጫዋን እንደያዘች ፊቷ ጋለ። ምግብ ቤት ገብታ አሳላፊው አብሯት ያለውን ሰው “ለእሷስ ምን ላምጣ?” ሲለው ጠረጴዛ የምትደበድብ ሴት ናት። ይህን ሁሉ ሳምንት ግን ስለ አዶንጎ ከኦፒዮ ጋር ስታወራ አንድ ቀን እንኳ “እስቲ ስልኩን ስጣት” አላለችም።

“ዶክተር፣ ይቆዩ፣” አለች። “ጀምራለች።”

ሁሉም ጠበቀ።

“እኔን... ጠይቀኝ፣” አለች አዶንጎ። “እሱ... የሚያውቀው... ዓሣ ነው።”

የዛፉ ሥር በሳቅ ሞላ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ኦፒዮ ነበር። ዶክተሩም ወንበሩን ጎትቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀመረው። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ተራ ከሚጠብቁት ማንም አላጉረመረመም፤ እያንዳንዱ የራሱን ተራ እያሰበ ይመስላል።

“የሚያስታምምሽ ማነው?” አላት በመጨረሻ።

“ወንድሜ።” ዶክተሩ ሊጽፍ ሲያቀረቅር ጨመረች። “ደክሞታል። እሱንም... ጻፈው።”

“ማን ነው የደከመው? ኧረ አልደከመኝም፣” አለ ኦፒዮ።

“ወገብህን... ስታሽ... እሰማሃለሁ።”

ኦፒዮ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። አፖንዲ መቅረጫዋን አጠፋች።

“ኦፒዮ፣” አለችው ቆይታ፣ “ደንቡ ስለ አስታማሚም ይናገራል። የሚተካህን ሰው የማሠልጠን ኃላፊነት የጤና ጣቢያው ነው። ሰውን ወገብ ሳይሰበር ማንሣትም ትምህርት አለው።”

“ማን ይተካኛል?”

ልጅ ያዘለች ጎረቤታቸው ሚልድሬድ ከሰልፉ ወጣች። “እኔ እማራለሁ። ለዚህችም ለልጄ ይሆነኛል። አንተ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ቀን ዓሣህን አጥምድ።”

አዶንጎ ጎረቤቷን ከላይ እስከ ታች ገመገመቻት። “ኡጋሊ... ከእሱ የተሻለ... ታገነፊያለሽ?”

“ከእሱ የማይሻል ማን አለ፣ እኅቴ?”

እንዲህ ሆኖ ጸና። አዶንጎ መታወቂያዋን አገኘች፤ ሚልድሬድም ሥልጠናዋን ጨርሳ እሷን ማስታመም ጀመረች። ኦፒዮ መጀመሪያ ሰሞን ሐይቁ ላይ ሆኖ ሰዓት በሰዓት እየደወለ ሁለቱን ሴቶች አሰለቻቸው፤ በኋላ መደወሉን ተወ። ዶክተር ሙቲሶም ሐይቁ በሚረጋበት ወቅት ሁሉ ይሻገራል። አሁን “ትከሻ” ብሎ ራሱ ያዝዛል።

አፖንዲ ግን ሌላ ጉዳይ ነበራት። ደሴቱ ላይ ደውላ፣ “አዶንጎን ስጡኝ፣” አለች። የደሴቱን ወሬ በየቅዳሜው አንቺ ታቀርቢልኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። መልሱ እስኪመጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ አልቸኮለችም።

የራዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። “አፖንዲ፣ በራዲዮ ዝምታ ሞት ነው። ሰው ጣቢያ ይቀይራል።”

“ይቀይር። ለመስማት ይመለሳል።”

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዶንጎ ጤና ጣቢያው በሩ ላይ የነበረውን ደረጃ አፍርሶ ተዳፋት እንዳሠራ ተናገረች። ንግግሯ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሲያልቅ አንድ ሰው ደወለ።

“ይቺ ሴትዮ ተናግራ እስክትጨርስ ሻይዬ በረደ፣” አለ።

አፖንዲ ልትመልስለት አፏን ከፈተችና ተወችው። ከደሴቱ በኩል ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

“ሌላ...” አለች አዶንጎ፣ “ቅዳ።”

ሰውዬው በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ደወለ፤ የተዳፋቱን አሠራር ለመጠየቅ። እናቱ በምርኩዝ ነው የምትሄደው።